ሐሳብዎን ይስጡኝ ያለኝ ዶክተር

ሰኞ

ለሰው የሚነገር አይደለምና እዚህ ልጻፈው፤ ዛሬ በር ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሳዳምጥ ተያዝኩ። ያውም በአለቃ ንጉሤ፣ በቋንቋ ጥናት ክፍላችን ሽማግሌ ኃላፊ።

«ምን ጠፋህ፣ ልጄ?»

«እርሳሴ ወድቆብኝ ነው» አልኩ። እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ተሰክቶ ነበር።

ከበሩ ወዲያ የሚስቀው ዶክተር ሰይፉ ነው። ጎንደር ተወልዶ ውጭ አገር የተማረ፣ በቅርቡ የተመለሰ። ቴፕ አለው፤ ሻንጣ የሚያክል። «እስቲ ሐሳባችሁን ስጡኝ» ሲል ባልደረባ ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ይከበዋል። እኔስ? የኮልፌ ገበያ ደላሎችን አነጋገር ስለቃቅም ስንት ክረምት ጭቃ ረግጬ፣ የጻፍኩትን ለሁሉም አዳርሼ ሐሳብ ለመንኩ። ከአንዱ «ጥሩ ነው»። ከሌላው «በጣም ጥሩ ነው»። ከሦስተኛው የሻይ ብርጭቆ ክብ ማኅተም። አለቃ «አየዋለሁ» እንዳሉ ቀሩ።

በዘንድሮው መጽሔታችን የቀረው የአንድ ጽሑፍ ቦታ ነው። የእኔ ወይም የሱ። ዓርብ ሰይፉ ጥናቱን ለክፍሉ ያነባል፣ ከዚያ አለቃ ይወስናሉ።

ማክሰኞ

ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «ጋሼ ተሰማ፣ ኮልፌን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? ኦሮምኛ የሚነገርበት አንድ ቤት ያስገቡኝ። ለጥናቴ የጎደለኝ የጓዳ ቃላት ብቻ ነው።»

ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ተናደድኩ።

ማታ ለባለቤቴ ለዘነበች ነገርኳት።

«ልጁ ምን አደረገህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን አስኮረፈህ?»

«ቴፕ አለው።»

«ኧረ እንኳን አንተ አልኖረህ! የኔን ጭቅጭቅ ቀድተህ ነበር ለጎረቤት የምታሰማ» ብላ ሳቀችብኝ።

ረቡዕ

ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በትንሿ ፊያት፣ በሴይቼንቶ ታክሲ መጣን። ቴፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ። ጎረቤታችን ጫልቱ ቤት አስገባሁት። አማቷ አባባ ቡልቻ ከዘራቸውን ይዘው በር አጠገብ ተቀምጠዋል።

ሰይፉ ዕቃ በዕቃ እያነሳ «ይህ ምን ይባላል?» ይላል። ጫልቱ በነጠላዋ አፏን ከልላ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ በለሆሳስ ትመልሳለች። ልጁ ይጽፋል፤ ቴፑ ይዞራል።

እኔ ግን አውቃለሁ። በነሱ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። በስማቸው መነሻ የሚጀምር ቃል እንኳ ከአፏ አይወጣም፤ ሌላ ትተካለታለች። እንጀራን ሳይቀር፤ «ቡዴና» ከ«ቡልቻ» ጋር በመነሻው ይገጥማልና! እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው ደግሞ ጭራሽ ባሰባት፤ በተጠራጠረችው ሁሉ ላይ ምትክ አወጣች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ንገረው እንጂ የምትል መሰለኝ።

ስንወጣ ሰይፉ መንገድ ላይ ሊዘል ምንም አልቀረው። «ጋሼ፣ የኮልፌ ኦሮምኛ እኮ ለብቻው ነው! እነዚህን ቃላት ማንም አልመዘገባቸውም!»

እንዴት ይመዝግባቸው? የዚያች ቤት ምራት ቃላት ናቸው።

አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ።

ሐሙስ

ሌሊቱን በአዲሶቹ ቃላት እንደገና የጻፈውን ጽሑፍ ይዞልኝ መጣ። «ነገ ከማንበቤ በፊት የእርስዎን ሐሳብ ካልሰማሁ አልረጋም። ሳይራሩ ይንገሩኝ።»

በዚህ ክፍል ስኖር ሐሳብህን ስጠኝ ብሎ ደጄ የመጣ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምናለ! አነበብኩት። አጻጻፉ ያምራል፣ መሠረቱ ግን የጫልቱ ምትክ ቃላት ናቸው። ጠርዙ ላይ «ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩለት። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር፤ አላልኩም።

አለቃ ወለጋ ኖረዋል፤ ኦሮምኛን እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት። ነገ ገና ሦስተኛው ቃል ላይ ያስቆሙታል።

ዘነበች ምስር ስትለቅም ነገርኳት። እጇን አቆመች።

«በሰው ፊት ሲዋረድ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ልታይ ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁት?»

«ዝም አልከው። ጫልቱስ? አማቷን ስላከበረች ነገ ቀጣፊ ልትባል ነው? ዕድሬ ላይ በምን ዓይኔ ልያት?»

ምስሩን አብሬያት ለቀምኩ።

ዓርብ

ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ሰይፉ አዳራሹ ውስጥ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ቴፑን እየሰካ ነበር። ወጉን ነገርኩት፤ በአንድ ትንፋሽ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ረቡዕ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ትናንት ጥሩ ነው ሲሉኝስ?»

«ቀንቼ ነው፣ ሰይፉ።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደበኝም። የቴፑን ገመድ ነቅሎ ቀስ ብሎ ጠቀለለው፣ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ባልደረቦች ሲሰበሰቡ ተነስቶ ቆመ። «ዛሬ የማነበው የለኝም። ምራትን በአማቷ ፊት ነው የጠየቅኋት፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ አይደለም። ያረሙኝ ጋሼ ተሰማ ናቸው» አለ። ስለ ቅናቴ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አዳራሹ አጨበጨበ። ለማን? ለሱ! «እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» ይላሉ። «ምሁር ማለት እንዲህ ነው!» ይላሉ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። ይህ ልጅ ሲወድቅ እንኳ ያምርበታል።

አለቃ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ። «የተሰማን ጽሑፍ ሁላችሁም ጥሩ ነው ብላችኋል። አንብቦ ጥሩ ነው ያለ ግን አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ። አንተ ሰይፉ፣ ውሰድና አንብበው። ሰኞ ሐሳብህን ትነግረኛለህ፤ እኔም ያንን ሰምቼ እወስናለሁ።»



ሰይፉ ጽሑፌን ተቀበለኝ። ደረጃው ላይ ስንለያይ «ሳልራራ ነው የማነበው፣ ጋሼ» አለ። ቂም ይሁን ቅንነት ከፊቱ መለየት አቃተኝ። እሁድ ቤቴ ይመጣል። ጫልቱ አማቷ በሌሉበት ከዘነበች ጋር ተቀምጣ የትኛው ቃል ምትክ እንደሆነ ልትለይለት እሺ ብላለች፤ ያን ዕለት ለአለቃ የሚለውን ለኔ አስቀድሞ ሊነግረኝ ቃል ገብቷል።

ክፉም ቢለኝ፣ ክፉነቱ እውነትም ቢሆን፣ ከአፉ እንደወጣ እዚህ አሰፍረዋለሁ።