እንግዳ ቆሞ የተቀመጥኩ ዕለት

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ሻል አለዎት? እማዬስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ነገር በስልክ ብነግርዎት ድምፅዎ ሲለወጥ እሰማለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ባለፈው ሰኞ የኮሌጃችንን የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት የሚገመግሙ ሦስት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። እኔ ሞኟ የሚፈተነው ተማሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ትምህርት ቤትም ይፈተናል! ጥራቱ ከደረጃው ካልደረሰ ዕውቅናውን ያጣል፤ ያኔ ሦስት ዓመት ተምሬ ሌላ ቦታ እንደ አዲስ ልጀምር ነው።

ጥራት በምን ይለካ ይሆን ብዬ ከኋላ ከኋላቸው ስል ዋልኩ። ኮምፒውተር ቆጥረው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን የታረሙ የፈተና ወረቀቶች አስወጥተው መምህሩ ስህተቱን አስረድቶ እንደሆነ ያያሉ፤ የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬ ወለተ ሚካኤልን የኮምፒውተር ክፍሉ መቼ እንደሚከፈት ይጠይቃሉ። እርስዎ ጤፍ ሲገዙ ከጆንያው አፍ ያለውን ትተው እጅዎን ወደ ታች እንደሚሰዱት ማለት ነው።

ጉዱ የመጣው ኮምፒውተር ክፍል ሲገቡ ነው። ሃያ አራታችንም ብድግ አልን፤ ኖር ብለን ወንበሩን ለቀን ግድግዳ ተጠጋን። ትልቁ ገምጋሚ፣ ሽበታሙ ዶክተር ፈቃዱ፣ ተቀምጠን ሥራችንን እንድንቀጥል ለመኑን። እሺ አልን፤ ግን ማን ይቀመጣል? ጭራሽ ለእሳቸው ወንበር አቀረብን። ቆይተው ማስታወሻቸው ላይ ሲጽፉ ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ተማሪዎች ኮምፒውተሩን ሲጠቀሙ አላየሁም ይላል።

አባቴ፣ ለካ አክብሮታችን ትምህርት ቤቱን ሊጥለው ነው! ሽማግሌ ቆሞ እንዳልቀመጥ አድርገው እንዳሳደጉኝ አውቃለሁ። ግን ሄጄ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ለጤና ጣቢያ ተራ የሚያስይዘውን ፕሮግራሜን መጻፍ ቀጠልኩ። በኀፍረት ጆሮዬ ጋለ። ጎንበስ ብለው አንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ቢጠፋስ አሉኝ። አላውቅም፣ ሞክሬ ልየው አልኩና አጠፋሁት። ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ምክንያቱን ስፈልግ፣ ስፈልግ፣ እሳቸው መቆማቸውን ጨርሶ ረሳሁት። ቀና ስል ጓደኞቼም ተቀምጠው ይሠራሉ።

ውጤቱ የሚነገረን በሐምሌ ነው። እሱን መጠበቅ እችላለሁ፤ የእርስዎን ዝምታ ግን አልችልም። አጥፍተሻል ካሉኝ ይቆጡኝ። ተጸጸትኩ ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ወንድሜ መሳፍንት ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ይንገሩልኝ። ለክርስትና እናቴ ለእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ እጅ እነሣለሁ።

መልስዎን ቆማ የምትጠብቅ ልጅዎ፣
እድላዊት ባዘዘው

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.