የግቢያችን ብረትና የለተመድህን እጅ

ለውድ እትዬ ሀፊሳ፣

የአላህ ሰላም በአንቺም በቤትሽም በደጅሽም ላይ ይሁን። እንዴት ሰንብተሻል? ያ ብርድ ሲነካው የሚይዝሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ምርኩዝ ይዘሽ ነው የምትወጪው? ላሚቱስ ወለደች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ልጄ ሩፋይዳ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። እኔ ግን ደክሞኛል፣ እትዬ። ሕመም አይደለም፣ ድካም ብቻ ነው። ፊደሉ ከተጣመመብሽ ልጅሽ ሰዓዳ ታንብብልሽ።

በስልክ ልነግርሽ ብዬ ነበር። ግን መስመሩ ይቆራረጣል፣ እኔም ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ሹፌሩ ጀላሉ ወደ እናንተ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲመጣ በእጁ ልኬልሻለሁ።

በጥቅምት ደውዬ ብረቱ ላይ ተንጠልጥዬ ራሴን ብቻዬን ስቤ ወጣሁ፣ ትከሻዬ ድኗል፣ ወንድማችን አብዱረህማን ሊወስደኝ አይድከም ብዬሽ ነበር። እውነት አልነበረም። የዋሸሁሽም ግን አይምሰልሽ። ቆይ ከሥሩ ልንገርሽ።

አምና ጀሪካን ተሸክሜ ስንሸራተት ትከሻዬ መውለቁን ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጄ ከደረቴ በላይ አልወጣ አለ። ባሌ ዛሂድ፣ አላህ ይማረውና፣ ትቶልኝ የሄደው የጨርቅ ሱቅ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ነው። ጣቃ ማውረድ ያልቻለች ሴት ምን ትሸጣለች? ወንድማችን ሱቁን ዘግቶ እኔንም ልጄንም ወደ እናንተ ሊወስደን ያሰበው አዝኖልኝ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ እኮ። ልጄ የምትማረው እዚህ፣ ዛሂድ የተቀበረው እዚህ ነው።

ሐኪሙ በየቀኑ ብረት ይዤ እንድንጠለጠል አዘዘኝ፤ ራስሽን ስበሽ አገጭሽ ብረቱን ያለፈ ቀን ትከሻሽ ድኗል አለኝ። ሓድነት ሰፈር ብየዳ የሚሠራውን ገብረዝጊን ለምኜ ግቢያችን ውስጥ በሁለት ምሰሶ መሐል ብረት አሠራሁ። ሥጋ ልትሰቅዪበት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም፣ እኔው ነኝ የምንጠለጠልበት ስለው ከላይ እስከ ታች አየኝና ብየዳውን አንድ ጊዜ ደገመበት።

ሩፋይዳ አሠልጣኜ ሆነች። በትምህርት ቤት ያየችውን ሁሉ እኔ ላይ ሞከረችው። መጀመሪያ መንጠልጠል ብቻ ነበር፤ ዐሥር ሳልቆጥር እወድቃለሁ። ቀጥሎ በርጩማ ላይ ቆሜ አገጬን ከብረቱ በላይ አድርጌ ቀስ እያልኩ መውረድ። ከዚያ ብረቱ ላይ የታሰረ የጎማ ላስቲክ ረግጦ መውጣት። ወራት እንዲህ አለፉ። ቀን ሱቅ እቆማለሁ፣ ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን እሞላለሁ፣ ከዚያ ብረት። መዳፌ የአራሽ መዳፍ ሆኗል። በሶላት ሱጁድ ወርጄ መነሣት ያቃተኝም ቀን አለ።

ጎረቤቴ ለተመድህን እንዳልወዛወዝ እግሬን ትይዝልኛለች። በጥቅምት ላስቲኩን ፈታነውና እሷ እንደያዘችኝ ወጣሁ። በማግስቱም ወጣሁ። ዘጠኝ ቀን በተከታታይ። ያኔ ነው በደስታ የደወልኩልሽ።

ከዚያ ለዘመዷ ተዝካር ዓዲግራት ሄደች። ብረቱን ብይዝ ግማሽ መንገድ እንኳ የለም። ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ ትከሻዬ ዳግም ተበላሸ ብዬ አለቀስኩ። ስትመለስ ብነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኔ ነበርኩ የማነሣሽ አለችኝ። ለካ እግሬን የያዘች መስላ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ትገፋኝ ኖሯል። ለምን ብላት ፊትሽ ሲጨነቅ ማየት አልቻልኩም አለች። ደግሞም፣ ካልወጣሽ ወንድምሽ ይወስድሻል አለች።

ተቆጥቼ ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ግን ምን ይባላል? እኛስ አገር ሰው ሸክም ሲከብደው ከኋላ ሳይደግፍ የሚያልፍ ማን አለ? በዚህ መሐል አብዱረህማን አዝመራው እንደገባ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ ማለቱን ከጀላሉ ሰማሁ። ለአንቺ ደውዬ እውነቱን መናገር አቃተኝ። እንደገና ከላስቲኩ ጀመርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ላስቲኩን ፈታሁት። ለተመድህን የጾም ምስር ትለቅም ነበር። ብወድቅም እንዳትነኪኝ አልኳት። እጄን አላምነውም ብላ ምስሩን አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችባቸው። ሩፋይዳ ክርንሽን፣ እማ፣ ክርንሽን ትላለች። መሐል ላይ ቆምኩ። አልወጣም፣ አልወርድም። ለተመድህን ዓይኗን ጨፍና ኣጆኺ፣ ኣጆኺ ትላለች፣ አይዞሽ ማለቷ ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ አገጬ ብረቱን አለፈ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ቆርቆሮና የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች አየሁ። ከዚያ ወረድኩና መሬት ላይ ተዘረጋሁ። የለተመድህን እጅ ደንዝዞ ሩፋይዳ ከእኔ በፊት የእሷን አሸችላት።

ረቡዕ ሞክሬ አልቻልኩም። ትናንት ግን ወጣሁ። ጣቃም አወርዳለሁ፤ ከባዱን በሁለት እጄ፣ ቀስ ብዬ።

እንግዲህ ይህ ነው እውነቱ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ባልሽን ጋሽ ሙሄን በጣም ሰላም በይልኝ፣ ሳሉ ለቀቀው? ሰዓዳን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለተመድህን ሰላም ብላሻለች፤ ይህን ሁሉ መጻፌን ግን አታውቅም። ለአብዱረህማን ደብዳቤውን ከዳር እስከ ዳር አንብቡለት። ይምጣ፣ ናፍቆኛል፤ የሚወስደው ግን የለም። ብረቱን አንድ ጊዜ አሳየዋለሁ። ድገሚው ካለኝ እሱ ራሱ ይንጠልጠል።

ታናሽሽ ረሒማ
መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.