በጣራችን ላይ የቆሙት ምሰሶዎች

ለውድ ወንድሜ ለቤያት፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመኪና ስትወርድ ታቃስታለህ? ባለቤትህ ሎሬን ደህና ናት? ልጅህ ኤልስፔትስ ምን ያህል አደገች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ዘጠና አንድ ዓመቷን ይዛ የአረጋውያኑን ቤት ሠራተኞች ስታንጫጫ ትውላለች። ሬቶም ደህና ነው፤ ባሌ ስለሆነ ሳይሆን፣ እውነቱን ለመናገር ዘንድሮ ከእኔ የበለጠ የደከመው እሱ ነው።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። «እቴቴ፣ ይብቃሽ፤ ፈርሚና ገላግይን» ያልከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ በመጨረሻ ሳቄ መጣ። ከምን ነው የምገላግልህ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአባዬን የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ያልረገጥክ ሰውዬ ምን ከበደህ? ከውርሱ ግማሹ የአንተ መሆኑን ቦታውን ሊገዛ የሚፈልገው የግንባታ ኩባንያ አጣርቶ ካናዳ ድረስ እንደጻፈልህ ገብቶኛል። ለእኔ ስድስት ጊዜ ጽፎ ስድስት ጊዜ እንቢ ስላልኩት ነው ወደ አንተ የዞረው። እሱን ግን አልነገረህም፣ አይደል? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ብሩገንታል አንተ የምታውቃት ብሩገንታል አይደለችም። ባቡሩ በሃያ አምስት ደቂቃ ዙሪክ መግባት ከጀመረ ወዲህ ሰው ጎረፈ፣ ቤት ጠፋ። ስለዚህ ከጣቢያው ጀርባ፣ በድሮው የዕቃ ባቡር ግቢ ላይ አዲስ መሀል ከተማ ይሠራ ተባለ። አደባባይ፣ ሱቅ፣ መኖሪያ፣ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከተማ ሲያድግ የማይወድ ማን አለ? ታዲያ ፕላኑ ሲለጠፍ ሄጄ ባየው፣ የእኛ ሥራ ቤት ባለበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ዛፎች ተስለዋል። ዛፍ! አባዬ ዕድሜ ልኩን እንጨት ሲልግ በኖረበት ቦታ ላይ ዛፍ!

የማዘጋጃ ቤቱን የፕላን ኃላፊ አቶ ፍሉክን «እኛስ የት ልንገባ ነው?» አልኩት። ፈገግ ብሎ «ወይዘሮ ሬጉላ፣ መሀል ከተማ ውስጥ መጋዝ አይጮህም» አለኝ። እኔም «እንግዲያው እዚያ ለሚኖረው ሰው በሩን ማን ይጠግንለታል?» ብዬው ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

የአገራችንን ደንብ መቼም አልረሳኸውም። ማንም ሰው ከመሥራቱ በፊት፣ ሕንፃው የት ድረስ እንደሚደርስ በረጃጅም ምሰሶ አቁሞ ለሕዝብ ያሳያል፤ ያልተስማማው ሰው በሃያ ቀን ውስጥ ተቃውሞውን ይጽፋል። የእነሱም ምሰሶዎች ቆሙ። ጎረቤታችን ዘልማ አንዱ መስኮቷ ሥር ስለቆመ ገመድ አስራ አንሶላዋን ሰጣችበት፤ ያውም በእሑድ ቀን! «ሰማዬን ከወሰዱብኝ እነሱም ልብሴን ያድርቁልኝ» አለች። የእሷ ቤት ራሱ በፕላኑ መሠረት ይፈርሳል።

እኔ ግን ምሰሶውን ባየሁት ቁጥር ዓይኔ አልቀበል አለኝ። ፕላኑ ሃያ አራት ሜትር ይላል፤ ይሄ አነሰብኝ። አባዬ የቤተ ክርስቲያኑን ማማ በጥላ ያስለካንን ታስታውሳለህ? አንተ ቆጥረህ ተሳስተህ ኩርኩም የቀመስክባትን ቀን? እንደዚያው አደረግሁ። የሁለት ሜትሩን ዱላ አቁሜ ጥላውን ለካሁ፣ ሦስት ሜትር ሆነ። ወዲያው የምሰሶውን ጥላ ከሬቶ ጋር ለካን፣ ሠላሳ አንድ ተኩል። ስናሰላው ሃያ አንድ ሜትር መጣ። አንድ ሙሉ ፎቅ የት ገባ?

ተቃውሞዬን ጻፍኩ። አቶ ፍሉክ ቦት ጫማውን አድርጎ፣ ሁለት ቀያሾች አስከትሎ መጣ። ለኩና «ይኸው፣ ልክ ሃያ አራት ነው፤ አንድ ሚሊሜትር እንኳን አልሳትንም» አለኝ ወደ ላይ አንጋጦ። እኔም ቁልቁል እያየሁት «እርስዎ ግን የት ነው የቆሙት?» አልኩት። ሰውዬው የቆመው ከምሰሶው ሥር፣ ሦስት ሜትር በሚጠልቀው የድሮው የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነበር! የእኛ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ ሚሊሜትሯን ይዘው ሦስት ሜትሩን ይጥላሉ። ተንኮል ነው አልልም፤ ከጉድጓዱ ሲወጣ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ምሰሶው ሦስት ሜትር ተቀጠለ፣ ሃያው ቀንም እንደገና ተጀመረ። ያኔ ነው የሕንፃው ጥላ የትምህርት ቤቱን ግቢ እንደሚሸፍን ሕዝቡ በዓይኑ ያየው።

በመስከረም በስፖርት አዳራሹ ስብሰባ ተጠራ። እኔ በሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ግን ተነሳሁ። ከተማው ይሠራ፣ ነገር ግን ሠራተኛውን አስወጥቶ አይሠራ፤ የሥራ ቤቶቹ ረድፍ ባለበት ይቆይ አልኩ። አቶ ፍሉክ «ከተማ በትዝታ አይሠራም» አለ። «በጉድጓድም አይሠራም» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እጅ ሲቆጠር እማዬ ከነተሽከርካሪ ወንበሯ ሁለቱንም እጇን አነሳች። ቆጣሪው «እማማ፣ ለአንድ ሰው አንድ እጅ ነው» ቢላት «ሌላው የባሌ ነው፤ ቤቱን የሠራው እሱ ነው» አለችው። ያኛው አልተቆጠረም እንጂ፣ ሳይቆጠርም በአሥራ አንድ ድምፅ አሸነፍን። ፕላኑ ተመለሰ፣ ሕንፃው በአንድ ፎቅ አነሰ፣ የሥራ ቤቶቹ ረድፍም ባለቤቶቹ ካልሸጡ በቀር አይነካም ተባለ። የዘልማን ቤት ግን አላዳንነውም፤ በፀደይ ይፈርሳል።

አየህ አይደል? ካልሸጡ በቀር! ሕዝብ ፊት ያጡትን በአንተ ፊርማ ሊያገኙት ነው። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለው ተረት ላንተ የተተረተ እንዳይሆን ፈራሁ። ይቅር በለኝ፣ ሳልናገረው ብቀር ያንቀኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ እነሱ ጋ ነው፣ ሞኟም እኔ ነኝ፣ እንግዲህ እንተያያለን።

ደግሞ ዝም ብዬ እንቢ ብቻ አላልኩም። ባለፈው ቅዳሜ ሬቶና እኔ በጣራችን ላይ የራሳችንን ምሰሶ አቆምን። አዎ፣ እኛ! ሥራ ቤቱ ከታች እንዳለ ሆኖ ከላዩ ሁለት ፎቅ እንሠራለን። አንደኛው የዘልማ ነው፤ ከሰፈሯ አትወጣም ብያለሁ። ሁለተኛው ባዶ ነው። አቶ ፍሉክ ማመልከቻዬን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየውና «ከየት ነው የለካችሁት?» አለኝ። ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። እማዬም በመስኮቷ ታየዋለች፤ ነርሷን «ያ የልጄ የቤያት ክፍል ነው» ትላታለች። አልነገርኳትም፣ ከራሷ ነው ያመጣችው።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ አንተ የላክህልኝ የሽያጩ ውል ነው፤ እንደመጣ መልሼዋለሁ። ሌላው የግንባታው ማመልከቻ ቅጂ ነው፤ ያለ አንተ ፊርማ ዋጋ የለውም፣ የምትፈርምበትን ቦታ በአባዬ የአናጢ እርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቀኛል። እኔ የምሸጠው የለኝም። አንተ የቱን እንደምትፈርም አንተ ታውቃለህ።

ሎሬንን ሳምልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ እማዬ እግር ላይ ነው። ሬቶ ከልቡ ሰላም ይልሃል። ዘልማም «ያ መስኮቴን በኳስ የሰበረው ልጅ» እያለች ሰላምታዋን ልካለች። እማዬ ጉንጭህን ስማለች። ኤልስፔትን «አክስትሽን ናፍቀሻታል» በልልኝ። ከላይኛው ክፍል የምሥራቁ መስኮት የእሷ ነው፤ ከፍታው ስምንት ሜትር ነው፣ የለካሁትም ከመንገዱ ነው።

እህትህ ሬጉላ
ብሩገንታል፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1998