የጥንት የወርቅ ሳንቲም ሰብሳቢው አቶ ኃይለመለኮት ልሳነወርቅ (1944–2017 ዓ.ም.)

አቶ ኃይለመለኮት ከአባታቸው ከአቶ ልሳነወርቅ ንጉሡና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፀደ ዓብዩ በ1944 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው፣ አዲስ አበባ በሒሳብ አያያዝ ተመርቀው በመድን ድርጅት አገልግለዋል። በ1975 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ መጥተው ኑሯቸውን በሲልቨር ስፕሪንግ አደረጉ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ከበቡሽ ቢራቱ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ልዕልትንና ማቲያስን አፍርተዋል።

ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበር። አንድ ቀን ከተመለሱት መጻሕፍት መካከል ስለ ጥንት የአሜሪካ ገንዘብ የተጻፈ አገኙና ወደ መደርደሪያው ሳይመልሱ በራሳቸው ስም ተዋሱት። የመጀመሪያዎቹ የወርቅ ሳንቲሞች አብዛኞቹ ቀልጠው እንደቀሩ ካነበቡ በኋላ ልባቸው እዚያው ቀረ። ወይዘሮ ከበቡሽ፣ ሌላው ሰው በመኪና ሲቀና የእኔው ሰውዬ በሞተ ገንዘብ ይቀናል እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የዚህ ፍቅር ተካፋይ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት የታክሲ ሹፌር አቶ ኦላና ነበሩ። ሰብሳቢዎች ከሚገበያዩበት ከአንዱ የሳንቲም ትርዒት ወደ ሌላው አብረው ይዞሩ ነበር። አቶ ኃይለመለኮት ለዓመታት ቆጥበው እ.ኤ.አ. በ1803 የተመታውን የአምስት ዶላር ወርቅ ሲገዙም አጠገባቸው የነበሩት እሳቸው ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. እናታቸው አርፈው ወደ ደሴ ሲሄዱ ሳንቲሙን ለአቶ ኦላና አደራ ሰጡ። ሲመለሱ ለኢንሹራንስ ሊያስገምቱት ወደ አንድ ጌጣጌጥ ሱቅ ወሰዱት። ባለሱቁ በማጉያ መነጽር አየና፣ ከ1803 መጨረሻ ካለው ሦስት ሥር የሁለት ቁጥር ይታያል፣ ዓመተ ምሕረቱ ተነካክቷል፣ ሳንቲሙ ሐሰተኛ ነው አላቸው። አቶ ኃይለመለኮት ሲገዙት ይህን ልብ አላሉም ነበርና በአደራ ሳለ ተለውጦብኛል ብለው አመኑ። ለአቶ ኦላናም ደውለው ይህንኑ ነገሯቸው። አቶ ኦላና አልነካሁም ከማለት በቀር አልተከራከሩም። ከዚያ ወዲያ በልጆቻቸው ሠርግ እንኳ አልተጠራሩም። ሳንቲሙ መሳቢያ ውስጥ ተጣለ፤ መሰብሰቡም ቀረ።

በ2015 ዓ.ም. ሐኪሞች የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ሲነግሯቸው ንብረታቸውን መልክ ማስያዝ ጀመሩ። ልዕልትም ሳንቲሞቹን በሙሉ፣ ሐሰተኛ የተባለውንም ጨምራ፣ ባልቲሞር ወደነበረ ትርዒት ወሰደቻቸው። የጥንት ወርቅ አዋቂ የሆኑ አንዲት ሴትዮ አገላብጠው አይተው፣ በ1803 ለ1802 የተዘጋጀው የሳንቲም መምቻ ብረት ሳይጣል በሁለቱ ላይ ሦስት ተቀርጾበት እንደተሠራበት አስረዷት። ከሥር የሚታየው ሁለት የእውነተኛነቱ ምልክት ነበር።

ልዕልት ከዚያው ደውላ ስትነግራቸው አቶ ኃይለመለኮት ስለ ዋጋው አልጠየቁም። ወደ ባለቤታቸው ዞረው ኦላና አሁንም ላንድማርክ እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። ማቲያስ በዚያው ቀን ወሰዳቸው። በሩ ሲከፈት ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ኦላና፣ ሳላጣራ ሌባ አልኩህ። ይቅር በለኝ።»

አቶ ኦላና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። «እኔ እኮ እንዳልነካሁት ያኔም አውቅ ነበር። አንተ እስክታውቅ ነው የቆየሁት። በል ግባ፣ ይበርድሃል» ብለው ክንዳቸውን ደገፉ።

ወይዘሮ ከበቡሽ እንደሚሉት ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ቀለለ። ሕመሙ ባይቀንስም ፊታቸው ተፈታ። ሕክምናው ፋታ በሰጣቸው ጊዜ ሁሉ ሁለቱ ወዳጆች እንደገና በየትርዒቱ ይታዩ ጀመር፤ አቶ ኦላና ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፉ፣ አቶ ኃይለመለኮት ወደዚህ ወደዚያ እያዘዙ።

አቶ ኃይለመለኮት ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ በሚወዷቸው ሰዎች መካከል ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ከበቡሽን፣ ልጆቻቸውን ልዕልትንና ማቲያስን፣ እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ ኦላናን ትተው ሄደዋል። አቶ ኦላና ከወዳጆች ሳይሆን ከቤተሰብ ተርታ እንዲጻፉ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

እኒህን ታርቀው የሄዱ ሰው እግዚአብሔር በቅዱሳኑ ዕረፍት ይቀበላቸው፤ እኛንም ያጽናናን።