ባለሦስት እግሯ መንኮራኩር

ለድሮ ጓደኛዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እናትሽስ በረቱ? ቢቸና ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ያዛችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሞጣ እንደምታውቂያት ናት፤ እኔም የአባቴን የጨርቅ ሱቅ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ይህን ያህል ዓመት ዝም ብሎ ዛሬ ምን ነካው እንዳትይ። ነገሩ ስለዚያች የጠፈር መንኮራኩራችን ነው።

ቢቸና አጎቴ ቤት ሆኜ ስማር፣ ከፊዚክስ ክፍለ ጊዜ በኋላ ከላቦራቶሪው ጀርባ ተቀምጠን ስንስላት ትዝ ይልሽ የለም? እኔ አፍንጫዋን ሳሾል፣ አንቺ የሚቀመጥባት ሰው አንገቱን የት ያድርግ እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

አሁን ኮምፒውተር ላይ ሠራኋት። ሰው ቤቱ ተቀምጦ አውሮፕላን የሚያበርበት የበረራ ሲሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የራስን ሠርቶ ማስገባትም ይቻላል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከጣቃዎቹ ኋላ ሆኜ አካሏን፣ መስኮቷን፣ ሞተሯን ቀስ እያልሁ ቀረጽሁ። መብራት ስንቴ ሄዶብኝ እንደገና እንደ ጀመርሁ አትጠይቂኝ።

በመጨረሻ አስነሣኋት፤ ተነሣች። ስትወርድ ግን ድንጋያማው መሬት ላይ ተንገዳግዳ ተገለበጠች። ብሞክር ብሞክር ያው ነው። አራት እግር ነበር ያደረግሁላት። ክርክርሽ ያኔ ትዝ አለኝ። ወጣ ገባ መሬት ላይ ባለአራት እግር በርጩማ ይንቀጠቀጣል፣ ባለሦስቱ ግን ልክ ይቀመጣል ብለሽ ድርቅ ብለሽብኝ ነበር። አንዱን እግር አንሥቼ የቀሩትን ሰፋ አደረግኋቸው። ቀጥ ብላ አረፈች። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጠፋብኝ።

ባለቤቴ ዘይዳ ምሳ ይዛ ስትመጣ አሳየኋት። ድሮ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር የሳልናት ናት አልኋት፤ ከዚያ በላይ አልነገርኋትም። ውስጧን አየት አየት አድርጋ የቀኙ ወንበር ለምን ከፍ እንዳለ ጠየቀችኝ። ወደ ውጭ ለማየት እንዲመቻት ነው አልሁ።

"አጭር ናት እንዴ?" አለችኝ።

ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። እሷም ምሳውን አቀረበች።

ለሚፈልግ ሁሉ በኢንተርኔት በነፃ ልለቃት ነው ስላት ግን አልተስማማችም። ሁለት ሆናችሁ የሠራችሁትን ብቻህን እንዴት ትሰጣለህ፣ መጀመሪያ ጻፍላትና ጠይቃት አለችኝ። ይኸው ጻፍሁ። ልልቀቃት? እምቢ ብትይም አልቀየምም፤ እዚሁ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች።

ያኔ አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ከአባቴ ጋር ተነጋግረው እኔ ወደ ሞጣ እንድመለስ ሲስማሙ ሥዕሉ አላለቀም ነበር። አንድም ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ሁለቱም ሃይማኖታቸውንና ልጃቸውን ነው ያሰቡት፤ ያን ጊዜም አልወቀስኋቸውም፣ ዛሬም አልወቅስም። ብቻ በሯን በየት በኩል እንደምናደርገው ሳንወስን ቀረን። በግራ አድርጌዋለሁ። ካልወደድሽው ንገሪኝ፣ አዛውረዋለሁ።

የምታምኚው አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ።

ዘይዳም ሰላም በልልኝ ብላለች። ስምሽን ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ እሷ ግን በስምሽ ጠርታ ነው ያለችኝ።

የድሮ ጓደኛሽ፣
ከሞጣ