አራቱ ቡሎኖች

ውድ ልጄ፣

አርባ አንድ ዓመት በሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሜ ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን ወንበር አልጠየቅሁም። የጋለ የብረት ፍቅፋቂ በሸሚዜ ኮሌታ ገብቶ ጀርባዬን ሲጠብሰኝ፣ የያዝሁት ሥራ እስኪያልቅ ማሽኑን አላቆምሁም። የግራ እጄን የቀለበት ጣት ጫፍ ማሽን ወስዶብኛል፤ ቁስሉ እንደ ደረቀ በቀረው ጣት ሥራ ገባሁ። ቀኝ ጆሮዬ ከሞተር ጩኸት ብዛት ከደነቆረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እናትሽ ግን «ሲፈልግ ብቻ ነው የማይሰማው» ትላለች። ሙያውን ያስተማሩኝ አለቃ የተሳሳተ ልኬት ባመጣሁ ቁጥር በብረት ማስመሪያ ጣቶቼን ይመቱኝ ነበር፤ እኔም አመስግኜ ወደ ማሽኔ እመለስ ነበር። ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ አማርሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዘንድሮ ግን አማረርሁ። ከልብስ ሻንጣ የማትበልጥ አንዲት ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረች የምትቀርጽ ማሽን፣ ትዕግሥቴን አሟጠጠችው።

ነገሩ የጀመረው በእናትሽ የስፌት ማሽን ነው። አንቺንና ወንድምሽን ያለበሰው ያ ማሽን በውስጡ ያለች እርሳስ የምታህል ዘንግ ተበልታ ቆመ። ዕድሜው ስለ ገፋ መለዋወጫ አልተገኘለትም። «ተይው፣ እኔ እሠራዋለሁ» አልኋት። ዕድሜውን ሁሉ ብረት እያሽከረከረ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ለአንዲት ዘንግ የሰው ደጅ ይጠናል? ስለዚህ የጡረታዬ አቅም የሚፈቅደውን ትንሽ ቶርኖ ገዝቼ በጓሮዋ ክፍል ልተክል ተነሣሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ከአሮጌ ብረት ነጋዴ ግቢ የቆመ፣ እኔን የሚያህል ሽማግሌ ቶርኖ ነበር። ማሽኑስ ማሽን ነበር፤ ነገር ግን በበራችን አይገባም። እናትሽ ግድግዳ ማፍረስ እንዳሰብሁ ስትሰማ «እሱ የገባ ዕለት እኔ እወጣለሁ» አለችኝ። ሁለተኛው አዲስ ቀለም የተቀባ ነበር። በጥፍሬ ብፍቀው ከሥሩ ዝገት፤ ዋናውን ዘንግ ብነቀንቀው እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። ሻጩ «አባት፣ ቀለሙን ይዩልኝ እንጂ!» ይለኛል። «ሙሽራ ልመርጥ አልመጣሁም» ብዬው ወጣሁ።

ሦስተኛዋ አዲስ፣ ርካሽና ትንሽ ነበረች። ባለሱቁ ከካርቶኗ እያወጣ «አባባ፣ ለእርስዎ ለጨዋታ ያህል ትበቃዎታለች» አለኝ። ለጨዋታ! ቃሉ እንደ እሾህ ቢወጋኝም ገዛኋት።

ጠረጴዛዋን ከወፍራም ሳንቃ በእጄ ሠራሁ። ቶርኖዋን ከላዩ አስቀምጬ፣ አራቱን ቡሎኖች በረጅሙ መፍቻዬ፣ በመፍቻውም ላይ ቧንቧ ቀጥዬ፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ አጠበቅኋቸው። አለቃዬ ያስተማሩኝ እንዲሁ ነበር፤ ማሽን ከተነቃነቀ ልኬት የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሳምንት እንዴት ብዬ ልንገርሽ? የምቀርጻት ዘንግ ሁሉ አንዱ ጫፏ ከሌላው ይወፍራል። ልዩነቱ የጸጉር ያህል ነው፤ ግን የጸጉር ያህል ከወፈረች የስፌት ማሽኑ ውስጥ ገብታ ትነክሳለች። መቁረጫውን ሳልሁት፣ ቀየርሁት፣ አሁንም ሳልሁት። አሥራ ስድስት ዘንግ አበላሸሁ። አንዷን በሞረድ አስተካክዬ በግድ ባስገባት ማሽኑ ጭራሽ አልዞር አለ። እናትሽ ጎማውን በእጇ እየገፋች «ይኼ ማሽን ካገባሁህ ጀምሮ እንዲህ አኩርፎኝ አያውቅም» አለች። ዘንጊቱን ከነሞረዱ ወርውሬ ወጣሁ።

ወደ ሱቁ ሄጄ በገዢዎች ፊት «የሸጥህልኝ ማሽን አይደለም፣ የልጅ መጫወቻ ነው!» ብዬ ጮኽሁበት። ሰውየው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ስድስት ሰው ከእኔ ገዝቷል፤ አንድም የመለሰ የለም። ምናልባት እጅዎ…» አለና ተወው።

ወጣሁ። መንገድ ዳር ቆሜ ቀኝ እጄን ዘርግቼ ተመለከትሁት። ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ወይስ እኔ ስላየሁት ይንቀጠቀጥ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ልጄ፣ ለእናትሽ ያልነገርኋትን ልጻፍልሽ፤ ያን ዕለት ፈራሁ። ያ እጅ ከከዳኝ ማን እንደምሆን አላውቅም።

እናትሽ ስልክ የደወለችልሽ ሳታስፈቅደኝ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «በል ንገራት፣ ባለሙያ ናት» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስለ ሥራሽ አንሥተን አናውቅም። አስታውሳለሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላሽ የእናትሽን ሻሽ አጥብቀሽ አስረሽ፣ እጅጌሽን ሰብስበሽ፣ ከፋብሪካው በር ላይ ቆምሽ። «አባባ፣ ጸጉሬን አስሬያለሁ፤ ማሽኑ አይይዘኝም፤ ያስተምሩኝ» አልሽኝ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ወደ ቤትሽ!» አልሁሽ። አንቺ ግን ሄደሽ ከተፎካካሪዬ ከግራኙ ተማርሽ። ዛሬ በሌላ ከተማ የውሃ ፓምፕ ትጠግኛለሽ፤ የራስሽ ቶርኖ ላይ ትቆሚያለሽ። ሰዎች «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ ምን እንደምል ታውቂያለሽ? «ቢሮ ውስጥ ናት» እል ነበር።

የሆነውን እያጉረመረምሁ ከነገርሁሽ በኋላ ያለው ንግግራችን ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

«አባባ፣ ጠረጴዛው ከምን ተሠራ?»

«ከሳንቃ። በእጄ የሠራሁት ነው።»

«ቡሎኖቹንስ ምን ያህል አጠበቋቸው?»

«እንደ ወጉ ነዋ!»

«ትልቁ ማሽን አይበገርም። ይቺ ግን ቀጭን ናት፤ ሳንቃው ከጎበጠ እሷም አብራው ትጣመማለች። አራቱንም ያላሏቸውና ደግመው ይለኩ።»

«ይህን ግራኙ ነው ያስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም። እኔም የመጀመሪያዋን ትንሽ ቶርኖ ስተክል በቧንቧ አጥብቄያት ሦስት ሳምንት አልቅሻለሁ። አጠባበቁን ያየሁት ከእርስዎ ነው፣ ከበሩ ላይ ቆሜ።»

ስልኩን ለእናትሽ ገፋሁላትና ወጣሁ። የተቆጣሁ መስሎሽ ይሆናል። ተቆጥቼም ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሽኝም።

በማግስቱ ጠዋት እናትሽ ገበያ እስክትሄድ ጠበቅሁ። አራተኛውን ቡሎን ስፈታው የቶርኖዋ አንድ እግር ከሳንቃው ላይ በራሱ ብድግ አለ። በሥሯ ጥፍሬ ገባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገቷን አንቄ ቀጥ ብለሽ ሥሪ ስላት ኖሬያለሁ! ከጣሳ ላይ ስስ ቁራጭ ቆርጬ ከእግሯ ሥር ወሸቅሁና በአጭር መፍቻ፣ በቀስታ፣ አሰርኋት። ዘንግ ቀረጽሁ። አለቃዬ በሰጡኝ መለኪያ ሁለቱንም ጫፍ ለካሁ። እኩል ናቸው። አላመንሁም፤ አሥራ አንድ ጊዜ ለካሁ።

እናትሽ ስትመለስ የስፌት ማሽኑ እንደ ድሮው ዞረላት። አንድ ጊዜ ማሽኑን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና «ታዲያ ማን ነው የሠራው፣ አንተ ወይስ ልጅህ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ቀኝ ጆሮዬ አልሰማም።

ወደ ሱቁም ተመልሻለሁ። የጮኽሁት በሰው ፊት ስለ ነበር ሰው እስኪሞላ ቆሜ ጠበቅሁ። «ማሽንህ ደህና ነው። ያጣመምኋት እኔ ነኝ፤ አለቅጥ አጥብቄያት ነው» አልሁት። ሰውየው ደንግጦ «ማን ነገረዎት አባባ?» አለኝ።

«ልጄ» አልሁት። «የቶርኖ ባለሙያ ናት።»

ሰማይ አልተደፋም፤ ባለሱቁም «ታድለው!» ብሎ ወደ ገዢው ዞረ። እኔ ግን ያን አንድ ቃል ለማለት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል። በዚያ በር ላይ ስላሳፈርሁሽ ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ የጓሮዋን ክፍል ልናከራያት ይገባል ሲል ቆይቷል። ትናንት አስቀምጬ ቁርጡን ነግሬዋለሁ፤ ለአንቺም በጽሑፍ ይድረስሽ። ረጅሙን መፍቻ ለማንም አላወርስም፤ ቧንቧውን ቆርጬ ጥዬዋለሁ። የጓሮዋን ክፍል ከነቁልፏ፣ ትንሿን ቶርኖ ከእግሯ ሥር ካለችው የጣሳ ቁራጭ ጋር፣ አለቃዬ የሰጡኝንም መለኪያ፣ ሦስቱንም ለአንቺ ለሴት ልጄ አወርሳለሁ።

አባትሽ