በርሜል ውስጥ የገባች ፀሐይ

ውድ ወንድሜ ኡባልዶ፣

እንዴት ከርመሃል? ጀርባህ ተሻለህ? ሚስትህ ኔሊና ልጅህ ማይቴስ ደህና ናቸው? የሪዮ ጋሌጎስ ንፋስ ዘንድሮስ ጣራችሁን ተወላችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ በረዶው መስኮቴ ደርሷል።

የምጽፍልህ ግን ተጸይፌ ነው። እሑድ ታላቅ ወንድማችን ኤቬሊዮ በግ ጠብሶ ጎረቤቱን ጠራ። ለካ ድግሱ ባርሶላ ለሚባል "መሐንዲስ" ኖሯል። ሰውየው የመዳብ በርሜል አቁሞ፣ "የሐይቃችንን ሃይድሮጅን አዋሕጄ ፀሐይን እዚህ አስገብቻታለሁ" አለ። በርሜሉ ባሞቀው ውሃ ማቴ ሻይ በአንድ ቅል እየቀዳ አዞረ። በአባታችን ዘመን ሐይቃችን ላይ ባለችው በሁዌሙል ደሴት ውሕደት ተሳካ ተብሎ ውሸት ሆኖ የተገኘውንም ነገር አንስቶ፣ "እውነት ነበር፤ ሸሸጉብን እንጂ!" ሲል፣ ያስተማርኳቸው ሰዎች አጨበጨቡ። ቅሉ ሲደርሰኝ ገና በመጀመሪያው ዙር "አመሰግናለሁ፣ በቃኝ" ብዬ መለስኩ። ሳይጠጡ መመለስ ስድብ መሆኑን ታውቃለህ። ኤቬሊዮም፣ "አስተማሪዋ፣ ጠመኔሽን አስቀምጪና ጠጪ!" አለኝ።

አንተ በፊዚክስ ሰዓት ትተኛ ስለነበር ከሥሩ ላስረዳህ። እንደ ዩራኒየም ያለ ከባድ ኒውክለስ በኒውትሮን ሲመታ ለሁለት ይሰነጠቃል። ስብርባሪውን ሁሉ ብትመዝነው ከመጀመሪያው ጥቂት ይጎድላል፤ ኃይል ሆኖ የሚወጣው ይህ የጎደለው መጠነ ቁስ ነው። አብረው የሚወጡት ኒውትሮኖች ደግሞ ሌሎቹን ይሰነጥቃሉ። የአቱቻ የኒውክሌር ጣቢያ መብራት የሚያመነጨው በዚህ ነው። ውሕደት ግን ተቃራኒው ነው። ቀላሎቹ የሃይድሮጅን ኒውክለሶች ተጣብቀው ሂሊየም ሲሆኑ፣ አሁንም መጠነ ቁስ ጎድሎ ኃይል ይወጣል። ችግሩ ኒውክለሶቹ ይገፋፋሉ፤ ለማጣበቅ በሚሊዮን የሚቆጠር ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል። ፀሐይ የቻለችው የገዛ ክብደቷ እምብርቷን ስለሚጨምቀው ነው።

ስለዚህ ባርሶላን፣ "በሐይቁ ውሃ ውስጥ ያለው ከባዱ ሃይድሮጅን እዚህ ቢዋሐድ ኒውትሮን ይረጫል፤ ይህ ስስ መዳብ አያግደውም። በርሜልህ እውነት ቢሆን ኖሮ አቅፈኸው ቆመህ በግ አትበላም ነበር፤ እኛም በቁማችን በተቃጠልን። ውሸትህን የሚመሰክረው ጤንነታችን ነው" አልኩት። ሰው ሁሉ በእኔ ሳቀ። እሱም የበጉ ስብ ከንፈሩ ላይ እያብረቀረቀ፣ "እትዬ፣ ያነበቡት የድሮ መጽሐፍ ነው" አለኝ። ያንን አፍ እስካሁን ሳስታውሰው ምግብ ይዘጋኛል።

ከዚያ ኤቬሊዮ የአባታችንን የሐይቅ ዳር መሬት ለዚህ ሰው "ፋብሪካ" ለመስጠት ሁላችን ፊት ፈረመ። እኔ አልፈረምኩም። አባታችን በኑዛዜው ከሦስታችን የሁለቱ ፊርማ ይበቃል እንዳለ ታውቃለህ። ወረቀቱ በዚህ ሳምንት አንተ ዘንድ ይደርሳል። ኤቬሊዮ የሚኖርበት ቤት እዚያው መሬት ላይ ነው፤ ብትፈርም ራሱን ከነሚስቱ ሜዳ ላይ ትጥልልኛለህ። አትፈርም። ይቆጣሃል፣ ይሰድብሃል፤ ቻለው።

ኔሊን ሳምልኝ። ማይቴን አክስትሽን ናፍቀሻታል በልልኝ። የኔሊን እናትም ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። ኤቬሊዮ ሰላምታ አልላከም። ሚስቱ ቼላ ግን ባሏ ፊት አንድ ቃል ሳትናገር አምሽታ፣ እስከ በሩ ሸኝታኝ እጄን ጨብጣ፣ "ኡባልዶን አደራ በይልኝ" ብላኛለች።

እህትህ ኤርሚንያ
ባሪሎቼ፣ ጁላይ 21 ቀን 2009